ከለንደን ጭስ ማውጫ እስከ ማድ ቤት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ገና ጎህ ሳይቀድ ሕፃናት በየመንገዱ ይጣሩ ነበር። መጥረጊያና ከረጢት የተሸከሙ፣ ከፊታቸው ዓይናቸው ብቻ የሚለይ ልጆች ከአሠሪያቸው ኋላ እየተከተሉ ጭስ ማውጫ የሚያስጠርግ ቤት ይፈልጋሉ። የቤት ሠራተኛ በር ከፍታ ስታስገባቸው ምድጃው አንዳንዴ በርዷል፣ አንዳንዴ ገና ትኩስ ነው። ልጁ ቆቡን ፊቱ ላይ እስከ አገጩ ይስባል፤ ልብሱን ያወልቃል፤ ከምድጃው በላይ ወዳለው ጨለማ ይገባል። ጀርባውን ከአንዱ ግድግዳ፣ ጉልበቱንና ክርኑን ከሌላው እያጣበቀ እንደ አባጨጓሬ ወደ ላይ ይሳባል። እየፋቀ የሚያራግፈው ጥላሸት በራሱ፣ በትከሻውና በሆዱ ላይ ወርዶ ከታች ይከመራል። ጉልበቱ ከደረቱ ጋር ከተቆላለፈበት መውጣትም መውረድም አይችልም፤ እንዲያ ሆነው ታፍነው የቀሩ ብዙዎች ናቸው።

ልጁ ስድስት ወይም ሰባት ዓመቱ ነው። አራት ዓመት የሞላቸውም ይላኩ ነበር።

ሕፃናትን ወደዚህ ሙያ ያመጣው የከተማዋ አሠራር ነው። በ1666 ታላቁ ቃጠሎ ለንደንን ካወደማት በኋላ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤቶቹ እንደገና በጡብ ተሠሩ፤ ማገዶውም በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ሆነ። የከሰል እሳት ጠበብ ያለ የጭስ መውጫ ይፈልጋል። ፎቅ በፎቅ ላይ በተሠራ ቤት ደግሞ ከየክፍሉ ምድጃ የሚነሣው መውጫ እየታጠፈና እየተጠማዘዘ ነው ጣሪያ ላይ የሚደርሰው። ብዙዎቹ 23 ሳንቲ ሜትር በ35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበሩ፤ ወርዳቸውም ቁመታቸውም ከ23 የማይበልጡም ነበሩ። ጥላሸቱ ካልተጠረገ እሳት ይይዝና ቤቱን ያቃጥላል፤ አዋቂ ሰው ግን በዚያ ቀዳዳ አያልፍም። ስለዚህ የድሃ ልጅ ተፈለገ። ደብሮች በእጃቸው ያሉትን የሙት ልጆች ሙያ ይማሩ ብለው ለጠራጊዎች ያስረክቡ ነበር፤ የቸገረው ወላጅም በጥቂት ገንዘብ ልጁን ይሰጣል።

የልጅ ቆዳ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረምና መጀመሪያ መጠንከር ነበረበት። በ1863 ለመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ቃሉን የሰጠ አንድ የኖቲንግሃም ጠራጊ አሠራሩን በዝርዝር ተናግሯል። የልጁ ክርንና ጉልበት ከሚነድ እሳት አጠገብ በጠንካራ የጨው ውኃ ይታሻል፤ ልጁ እንዳይሸሽ አሠሪው ዱላ ይዞ ይቆማል፤ ወይም ሳንቲም እሰጥሃለሁ እያለ ያባብለዋል። ቁስሉ ሳይሽር ሥራ ይገባል፤ ደምቶ ሲመለስ እንደገና በጨው ውኃ ይታሻል። በመውጫው መሐል ፈርቶ የቆመውን ልጅ ከሥሩ ጭድ እያነደዱ ወይም ውስጥ እግሩን በመርፌ እየወጉ ወደ ላይ ያስኬዱት ነበር። ጥላሸቱ በበኩሉ ለገበሬ በማዳበሪያነት የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። ቀን ጥላሸት የተሞላበትን ከረጢት ልጁ ማታ ለብሶት ያድራል። ገላውን የሚታጠበው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው።

ወደ 18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ስንመለስ፣ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ፐርሲቫል ፖት የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይሠራ ነበር። ፖት በ1756 ከፈረስ ወድቆ እግሩን ሰብሮ፣ ሲያገግም አልጋ ላይ ሆኖ መጻፍ የጀመረ ሰው ነው። በ1775 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ዓይን ሞራ፣ በአፍንጫ ውስጥ ስለሚበቅል ሥጋና ስለ ሌሎችም ሕመሞች ያወሳል። ስለ ጭስ ማውጫ ጠራጊዎች የጻፈው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ካንሰርን ከአንድ የተለየ ሥራና ከአንድ የተለየ ነገር ጋር በማያያዝ ቀዳሚ ተብሎ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ግን ያ ጥቂት ገጽ ነው።

ፖት ያየው በወንዶች የቆለጥ ከረጢት ታችኛ ክፍል ላይ የሚጀምር ቁስል ነበር። ጠርዙ ጠንካራና ከፍ ያለ፣ የሚያም፣ የማይድን ቁስል ነው። ቀስ እያለ ወደ ቆለጡ፣ ከዚያም ወደ ሆድ ዕቃ ይዘልቅና በስቃይ ይገድላል። ጠራጊዎቹ ራሳቸው ከሐኪሞቹ በፊት የጥላሸት ኪንታሮት ብለው ያውቁት ነበር። ሐኪሞቹ ግን ቦታውን አይተው የአባላዘር በሽታ ነው ይሉና ሜርኩሪ ያዛሉ፤ ሜርኩሪው ቁስሉን ያባብሰዋል። በዘመኑ ካንሰር የሚመጣው በሰውነት ውስጥ ካለ ጥቁር ሐሞት መብዛት ነው የሚለው የጥንት ትምህርት ገና አልሞተም ነበር። ፖት ምክንያቱን ከሰውነት ውጪ ፈለገ፤ በቆዳው እጥፋት ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ጥላሸት ነው አለ። ቁስሉ ቆለጡ ላይ ሳይደርስ በቶሎ ተቆርጦ ከወጣ የመዳን ተስፋ እንዳለ፣ ከዘገየ ግን ቢላዋም እንደማይረዳ ጻፈ። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ያ ምክር ቀላል አልነበረም።

ከሕክምናው ባሻገር ፖት ስለ ልጆቹ አዝኖ ጽፏል። በሕፃንነታቸው በብርድና በረሃብ የሚቀጡ፣ በጠባብና በጋለ መውጫ ተገፍተው የሚገቡ፣ የሚቃጠሉና የሚታፈኑ ልጆች፣ ያን ሁሉ አልፈው ሲያድጉ ደግሞ ይህ በሽታ እንደሚጠብቃቸው አመልክቷል።

በሽታውን ለመረዳት አስቸጋሪ ያደረገው ይህ የጊዜ ርቀት ነው። ልጁ ጥላሸት ውስጥ የገባው በስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁስሉ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሞላው ነው። ያን ጊዜ ሥራውን ትቶ ይሆናል፤ አሠሪው ሞቶ ይሆናል። ሥራውና ሕመሙ ይህን ያህል ሲራራቁ አንዱን የሌላው ምክንያት ነው ብሎ ለመናገር ብዙ ሰዎችን ጎን ለጎን ያየ ዓይን ያስፈልጋል። የፖት አማች ጄምስ ኧርል በኋላ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አቀረበ፤ ተባይ ለማጥፋት በእጁ ጥላሸት ይበትን የነበረ አትክልተኛ እጁ ላይ ተመሳሳይ ካንሰር ወጥቶበት ነበር። ነገሩ የጠራጊዎች ወይም የአንድ የአካል ክፍል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ከዚያ ታየ።

እንግዲህ ምክንያቱ በ1775 ታውቋል። ልጆቹ ከጭስ ማውጫ ሙሉ በሙሉ የወጡት ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፤ የዚያ መቶ ዓመት ታሪክ ከግኝቱ ያላነሰ ትምህርት አለው።

ጆናስ ሃንዌይ የተባለ ነጋዴና በጎ አድራጊ ለዓመታት ለእነዚህ ልጆች ተከራክሮ በ1786 ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ሕግ ወጣ፦ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለሙያው እንዳይቀጠር፣ እሳት ወዳለበት መውጫ እንዳይላክ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ገላው እንዲታጠብ። ረቂቁ ጠራጊዎች ፈቃድ እንዲያወጡም ይጠይቅ ነበር፤ የፓርላማው የሎርዶች ምክር ቤት ያን አንቀጽ ሰረዘው። ፈቃድ ከሌለ ተቆጣጣሪ የለም፤ ሕጉም ወረቀት ላይ ቀረ።

ሌላ መንገድ እንዳለም ታይቶ ነበር። በ1803 ጆርጅ ስማርት የተባለ ሰው ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ዘንጎችን በገመድ እያያያዘ ጫፋቸው ላይ ብሩሽ የተገጠመበት መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ከታች ሆኖ አብዛኛውን ጭስ ማውጫ ይጠርጋል። በ1828 ጆሴፍ ግላስ አሻሻለው። የቤት ባለቤቶች ግን አቧራ ያበዛል አሉ፤ የተጠማዘዘ መውጫ ያላቸው ግድግዳ አፍርሰው ማስተካከል ሊኖርባቸው ሆነ። የሎርዶች ምክር ቤት ልጆችን ከዚህ ሥራ ለማውጣት የቀረቡ ረቂቆችን በ1804፣ በ1818 እና በ1819 ጣለ። በ1817 ጉዳዩን በመረመረው የፓርላማ ኮሚቴ ፊት አንድ ሐኪም ቀርቦ የጠራጊ ልጆችን የአጥንት መጣመም፣ የዓይን ሕመምና ይህንኑ ካንሰር ዘርዝሯል። ስለዚህ በ1818 እና በ1819 ድምፅ የሰጡት ሎርዶች አናውቅም ነበር ማለት አይችሉም። ክርክራቸው የቤታቸውን ግድግዳ የሚነካ ነበር።

በ1834 ሌላ ሕግ መጣ። የ1840ው ሕግ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ማንም ሰው ጭስ ማውጫ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። ቅጣቱ ቀላል፣ ምስክሩ ጥቂት፣ ዳኛውም ባለ ጭስ ማውጫ ነበርና ልጆቹ መግባታቸውን ቀጠሉ። ቻርልስ ኪንግስሊ በ1863 ያሳተመው የልጆች ልብ ወለድ ዋና ባለታሪኩ ጠራጊ ልጅ በመሆኑ የብዙ አንባቢ ልብ ነካ። በማግሥቱ ዓመት በፓርላማ አባሉ በሎርድ ሻፍትስበሪ ግፊት ቅጣቱ ተጠናከረ፤ እሱም አልበቃም። በየካቲት 1875 ጆርጅ ብሩስተር የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ካምብሪጅ አቅራቢያ ባለ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ጭስ ማውጫ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ግድግዳው ፈርሶ ቢወጣም ነፍሱ አልተረፈችም። አሠሪው በሰው መግደል ተፈርዶበት ስድስት ወር ከከባድ ሥራ ጋር ታሰረ። ሻፍትስበሪ ሞቱን ይዞ ፓርላማ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት ጠራጊ ሁሉ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ፖሊስም ሕጉን እንዲያስከብር የሚያዝ ሕግ ጸደቀ። በ1788 የተሰረዘው አንቀጽ ከ87 ዓመት በኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆች ጭስ ማውጫ ውስጥ መግባታቸው አበቃ።

አንድ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር፦ ይህ ካንሰር ለምን በእንግሊዝ በዛ? በጀርመን፣ በቤልጂግና በሆላንድም ጠራጊዎች ነበሩ፤ እዚያ ግን በሽታው እምብዛም አይታወቅም። ሄንሪ በትሊን የተባለ የለንደን ሐኪም በ1892 ይህን መርምሮ አሳተመ። የአህጉሩ ጠራጊዎች ከአንገት እስከ እግር ሰውነት የሚይዝ ልብስ ይለብሱ ነበር። ሥራ ሲጨርሱ በየቀኑ ይታጠቡ ነበር። የእንግሊዙ ጠራጊ ግን ሰፊና ጥላሸት የሚያስገባ ልብስ ለብሶ፣ ወይም ልብሱን አውልቆ ገብቶ፣ ሳይታጠብ ያድራል። ፖት ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር፤ መከላከያው ውኃ፣ ሳሙናና የሚገጥም ልብስ ሆኖ ተገኘ።

ጥላሸት ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በቶኪዮ ካትሱሳቡሮ ያማጊዋ እና ኮይቺ ኢቺካዋ የጥንቸሎችን ጆሮ በየሁለት በየሦስት ቀኑ በድንጋይ ከሰል ሬንጅ ይቀቡ ጀመር። ከእነሱ በፊት የሞከሩት ቀድመው ተስፋ ቆርጠው ነበር፤ እነሱ ለብዙ ወራት ገፉበት። በ1915 ጆሮዎቹ ላይ ካንሰር መብቀሉን አስታወቁ። ሰው ሠራሽ በሆነ መንገድ፣ በኬሚካል፣ ካንሰር ሲፈጠር የመጀመሪያው ግልጽ ማስረጃ ይህ ነበር። ከዚያ በለንደን የኧርነስት ኬናዌይ የምርምር ቡድን ሁለት ቶን የሬንጅ ዝቃጭ ደረጃ በደረጃ አጣርቶ በ1933 ቤንዞፓይሪን የተባለውን ውሕድ ለብቻው አወጣ። ውሕዱ በእንስሳት ቆዳ ላይ ሲቀባ ካንሰር ያመጣል።

ቤንዞፓይሪን የሚፈጠረው የድንጋይ ከሰል፣ እንጨት፣ ትምባሆ ወይም ሥጋ አየር ሳያገኝ በደንብ ሳይነድ ሲቀር ነው። በሰውነት ውስጥ ሲገባ ሰውነት ሊያስወግደው ይለውጠዋል፤ ሲለወጥ ግን ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ቅርጽ ይይዛል። የተጣበቀበት ቦታ ሲባዛ ስህተት ይፈጠራል፤ ስህተቱ ሲደራረብ ከዓመታት በኋላ ሕዋሱ ከቁጥጥር ይወጣል። በስድስት ዓመት ልጅ ሥራና በአርባ ዓመት ጎልማሳ ቁስል መካከል ያለው ርቀት ምሥጢሩ ይኸው ነው። በሲጋራ ጭስም ውስጥ ያው ውሕድ አለ። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በ1950 በለንደን ሆስፒታሎች የሳንባ ካንሰር ሕሙማንን መርምረው ሲጋራን የከሰሱት የጠራጊዎቹን ቁስል የሚመስል የጊዜ ርቀት ተሻግረው ነው። ዋና ቢሮው በፈረንሳይ ሊዮን የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ዛሬ ጥላሸትንም፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊነት ሥራንም፣ የትምባሆ ጭስንም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠ ነገሮች መዝገብ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ከእንግሊዝ ርቆ በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ግዛት ሹዋንዌ በሚባል ወረዳ፣ ይኸው ታሪክ ሌላ መልክ ይዞ ታየ። እዚያ ገበሬዎች ጭስ የሚያበዛ የድንጋይ ከሰል መውጫ በሌለው ምድጃ ቤት ውስጥ ያነዱ ነበር። ሴቶቹ ሲጋራ አያጨሱም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም በሳንባ ካንሰር የሚሞቱ ሴቶች ቁጥር ከአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ ቤተሰቦች ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሠሩ። ከ21 ሺህ በላይ ገበሬዎችን የተከታተለና በ2002 የታተመ ጥናት ምድጃቸውን በለወጡት ሰዎች ላይ የሳንባ ካንሰር በ40 በመቶና ከዚያም በላይ መቀነሱን አሳየ። ለንደን ውስጥ ልጆችን የገደለው ጭስ ማውጫ ሹዋንዌ ውስጥ ሕይወት አዳነ። ልዩነቱ ከጭሱ ጋር የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ማድ ቤት ከጭሱ ጋር የምትቀመጠው እናት ናት። ከአገሪቱ ቤተሰቦች አብዛኛው እስከ ዛሬ የሚያበስለው በእንጨት፣ በጭራሮ፣ በቅጠል፣ በኩበትና በከሰል ነው። እንጀራ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር ምጣዱ ሰፊ ስለሆነ እሳቱ በአንዴ አይዳረስም፤ እርጥብ ጭራሮ ሲገባ ይጨሳል፤ ጋጋሪዋ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ ዓይኗ ያነባል። አክንባሎው ሲከፈትና ሲከደን እንፋሎቱና ጭሱ አብረው ፊቷ ላይ ይወጣሉ። በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ያንኑ አየር ይስባል። ከጣሪያው ሥር የተንጠለጠለው ጥቀርሻ ለዓመታት ቀጥ ብሎ መውጫ ያጣ ጭስ ነው።

የሊዮኑ ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ ሲፈርጅ፣ የእንጨትና የመሳሰሉትን ጭስ ደግሞ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም በሚለው፣ ከመጀመሪያው አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ምድብ አስቀምጧል። ጭሱ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ የማይለቅ የሳንባ ሕመም፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንደሚያስከትልም የዓለም የጤና ድርጅት ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ካንሰሩን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሌላ ሞት ያመልጠዋል።

በአገር ውስጥ መልስ ሲፈለግ ቆይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚቀረጽ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብብ ነው። እሳቱ ወደ ጎን ስለማይባክን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም በውስጡ ሸክላ ለብሶ ሙቀት ይይዛል። ምርጥ ምድጃ ጭሱን በኋላው ባለ ቀዳዳ ያስወጣል፤ ቀዳዳው ግን ወደ ክፍሉ ከሆነ የሚያወጣው፣ ማገዶ ይቆጥባል እንጂ ጋጋሪዋ ከጭሱ አትወጣም። ቀዳዳው ላይ ቱቦ ተቀጥሎ ጭሱ ከጣሪያ በላይ መድረስ አለበት። ማብሰያው ከመኝታ ክፍል መለየቱ፣ መስኮቱ በተቃራኒ ግድግዳ መከፈቱ፣ እንጨቱ በደንብ መድረቁ፣ ሕፃኑ በሚጋገርበት ሰዓት ሌላ ሰው ጋር መቆየቱ፣ መብራት ባለበት ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግባቱ ሁሉም በየቤቱ የሚቻል ነገር ነው።

ስለ ካንሰር መንስኤ ማወቅ በኢትዮጵያ ወደ ሕግና ወደ ተግባር የተለወጠበት ጊዜ አለ። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። በ2019 የጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥንም ከልክሏል። የማድ ቤት ጭስ ግን ተቆጣጣሪ የለውም፤ ሆቴል ውስጥ የሚያጨስ ሰው ቢቀጣም እናት በጭስ ውስጥ መጋገሯን ማንም ሊከሰስበት አይችልም። ስለዚህ መፍትሔው ከምድጃ ዋጋ፣ ከመብራት አቅርቦት፣ ከኮንዶሚኒየምና ከገጠር ቤት አሠራር ንድፍ መጀመር አለበት። ሐኪም ቤት ዘግይቶ መድረስም ሌላው ችግር ነው። ዛሬም የጡትና የማህፀን በር ካንሰር የያዛቸው ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሕመሙ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ቁስሉ ሳይሰፋ በሐኪም መታየት አለበት።

የሹዋንዌው ጥናት አንድ ሌላ ነገርም አሳይቷል። ምድጃው ከተለወጠ በኋላ የካንሰሩ መቀነስ በግልጽ የታየው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚህ ዓመት ለአንዲት እናት ጭስ ማውጫ ቢተከልላት ከካንሰሩ በኩል የሚታየው ውጤት የሚመዘገበው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው፤ ሳሉና የዓይኑ መቃጠል ግን ቀደም ብሎ ይቀንሳል። ለምድጃ በጀት የሚመድብ የቀበሌም ሆነ የክልል ባለሥልጣን፣ ለቤቱ ቱቦ የሚገዛ አባወራም፣ ይህን ሁለት ዓይነት ትርፍ አስልቶ ዛሬ መጀመር ይችላል።